ኤምአይቲና ሐርቫርድ ማመልከት የሚፈልግ የወንድሜ ልጅ አለ፤ ደላላ ልያዝ ወይስ ይቅርብኝ?

አጎትየው_ከጎንደር፦
ሰላም ለቤቱ። ምክር ፈልጌ ነው፤ ትንሽ ይረዝማልና ታገሱኝ። የወንድሜ ልጅ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ነው፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት። ሰቃይ ነው። ሰቃይ ስል የዘመድ ወሬ አይደለም፤ የፊዚክስ መምህሩ ጥያቄ ሲጠጥርበት ጠመኔውን ለሱ ነው የሚሰጠው። ሰሞኑን መጥቶ «አጎቴ፣ ኤምአይቲና ሐርቫርድ ላመልክት ነው» አለኝ። እኔ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

እኔ ስለዚህ ነገር ምንም አላውቅም። ስለዚህ «ወደ ውጭ እንልካለን» የሚል ቢሮ ሄድኩ። መጀመሪያ 90 ሺህ ብር፣ የቀረው ሲሳካ አሉኝ። ከዚያ የቢሮዋ ልጅ ላፕቶፗን ከፍታ «ድርሰቱን እኛ ነን የምንጽፈው፣ አባቱ በልጅነቱ እንደሞተ እናደርገዋለን፣ ፈረንጆቹ እንደሱ ነው የሚወዱት» አለችኝ። ወንድሜ አለ እኮ! ጠዋት ገበያ ሽንኩርት ሲመዝን ትቼው ነው የመጣሁት።

እውነት እነዚህ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በነጻ ያስተምራሉ? ያለ ደላላስ ይሆናል? ደግሞ ቢገባ፣ ከቤት ወጥቶ የማያውቅ ልጅ እዚያ ብርድ ውስጥ ይኖራል?

ጠጅ_ያለብርሌ፦
አባትን በ90 ሺህ ከገደሉ እናትን ሲጨምሩ ቅናሽ አላቸው?

በረዶና_በሶ፦
ጋሼ፣ ብሩን እንዳይሰጡ። እኔ ኤምአይቲ ሁለተኛ ዓመት ነኝ፣ የመጣሁትም ከክፍለ ሀገር ነው። ሳልቸኩል ልጻፍልዎት።

ስለ ገንዘቡ። የአንድ ዓመት ጠቅላላ ወጪ፣ ዶርምና ምግብ ተጨምሮ፣ ከ80 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ይህን ቁጥር አይተው እንዳይደነግጡ። ኤምአይቲ፣ ሐርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ አምኸርስት፣ ከ2022 ወዲህ ደግሞ ዳርትመዝና ቦውደን፣ የውጭ ተማሪን ሲመርጡ ቤተሰቡ ገንዘብ አለው የለውም ብለው አያዩም። ኒድ ብላይንድ የሚሉት ይህንን ነው። መጀመሪያ ልጁን ይመርጣሉ፣ ከዚያ ቤተሰቡ መክፈል የሚችለውን አስልተው የጎደለውን ይሞላሉ። ብድር አይደለም። ሐርቫርድ ከ2025 ጀምሮ ገቢያቸው በዓመት ከ100 ሺህ ዶላር በታች የሆኑ ቤተሰቦችን ምንም አያስከፍልም፤ የጉዞ ወጪንም ይሸፍናል፣ በመጀመሪያው ዓመት ደግሞ መቋቋሚያ የሚሆን 2,000 ዶላር ይሰጣል። ሽንኩርት ነጋዴ 100 ሺህ ዶላር የሚያገኝበት አገር ካለ እኔም ትምህርቴን ትቼ እመጣለሁ።

ግን ሁሉም ዩኒቨርሲቲ እንደዚያ አይደለም፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ልጅ የሚሸወደው። አብዛኞቹ «ድጋፍ እፈልጋለሁ» የሚል የውጭ ተማሪ ሲመጣ ያንን ቆጥረው ነው የሚወስኑት። ስሙ ትልቅ ስለሆነ ብቻ አያመልክት። ድረ ገጻቸው ላይ የውጭ ተማሪ የገንዘብ ድጋፍ የሚለውን ገጽ ቁጭ ብሎ ያንብብ።

ዕድሉ ጠባብ መሆኑንም ልደብቅዎት አልችልም። ሐርቫርድ በ2024 ከ54,008 አመልካች የተቀበለው 1,937 ነው። ኤምአይቲ በአጠቃላይ ከመቶ አራት ተኩል ገደማ ነው የሚቀበለው፤ የውጭ ተማሪ ሲሆን ወደ ሁለት ይወርዳል። ከየአገሩ ሰቃይ የተባለ ሁሉ ነው የሚያመለክተው። ስለዚህ «ይገባል» የሚልዎት ሰው ሁሉ ውሸታም ነው፣ ቢሮውንም ጨምሮ።

ስለ ድርሰቱ ደግሞ። አባቱን አይግደሉት፣ እባክዎ። ውሸት ሲገኝ ቅበላ ይሰረዛል፤ ከገባ በኋላም ቢሆን ያባርራሉ። ያም ይቅርና የሚነበብ ነገር አይወጣውም። ኤምአይቲ አንድ ረጅም ድርሰት አይጠይቅም፣ እያንዳንዳቸው ከ100 እስከ 200 ቃል ገደማ የሆኑ አጫጭር መልሶች ነው የሚፈልገው። ለደስታ ብቻ ብለህ የምታደርገው ምንድን ነው፣ ከሰው ጋር ምን ሠርተሃል፣ ዓይነት ነገር። አንባቢው የሚፈልገው ልጁን ነው። የድህነት ታሪክ ከዓለም ዙሪያ በየቀኑ ይደርሰዋል፤ ከጎንደር ገበያ ሚዛን ሥር ቁጭ ብሎ ሒሳብ የሚሠራ ልጅ ግን በየቀኑ አይመጣለትም። ይሄ ልጅ አባቱን ገበያ ያግዛል?

አጎትየው_ከጎንደር፦
ያግዛል እንጂ። ቅዳሜ ቅዳሜ። አባቱ ብዕር አይወድም፤ ስንት ኪሎ ገባ፣ ስንት በሰበሰ፣ ስንት በዱቤ ሄደ የሚለውን ደብተር የሚይዘው እሱ ነው። እንዲያውም አምና «ሰኞ የገባ ሽንኩርት ነው ቶሎ የሚበላሽ» ብሎ ከደብተሩ አሳይቶት አባቱ ጭነቱን ወደ ረቡዕ አዛወረው።

በረዶና_በሶ፦
በቃ! ይኸው ድርሰቱ! ይህን ትቶ ነው እንዴ አባት የሚገድለው?

መምህር_ነኝ_12ሐ፦
ከመምህር ወገን አንድ ነገር ልጨምር። የድጋፍ ደብዳቤ ስትጠየቁ እኛ መምህራን ሁላችንም አንድ ዓይነት ነው የምንጽፈው። «ተማሪው ታታሪ፣ ጨዋና ሰው አክባሪ ሲሆን ከክፍሉ 1ኛ ደረጃ ይዟል።» ማኅተም። በቃ። ይህ ለቀበሌ ይሆናል፣ ለነዚያ ሰዎች ግን ምንም አይነግርም። አንደኛ መሆኑን ከትራንስክሪፕቱ ያዩታል። መምህሩ መጻፍ ያለበት ያን የጠመኔውን ነገር ነው፤ የትኛው ጥያቄ ነበር፣ ልጁ በየት በኩል ዞሮ ፈታው፣ ጎኑ የተቀመጠው ተማሪ ሳይገባው ሲቀር ምን አደረገ። ጋሼ፣ መምህሩን ሻይ ጋብዘው ይህን ይንገሩት፤ በእንግሊዝኛ መጻፍ ቢከብደው በቀላል አረፍተ ነገር ይጻፍ፣ ማንም ሰዋስው አያርመውም። ኤምአይቲ ሁለት ደብዳቤ ይፈልጋል፣ አንዱ ከሒሳብ ወይም ከሳይንስ፣ ሌላው ከቋንቋ ወይም ከማኅበራዊ ሳይንስ መምህር።

የትምህርት ቤቱን ፎርም የሚሞላ አማካሪ የሚባል ሰው እኛ ጋ የለም። ርዕሰ መምህሩ ወይም ምክትሉ ነው የሚሞላው። ኢሜይል ከሌለው ደግሞ ይከፈትለት። አይሳቅ፣ የምር ነው። ፎርሙ በኢሜይል ሊንክ ነው የሚላክለት፣ እኛ ጋ ኔት ሲሄድ ሳምንት ሊቆይ ይችላል፣ የማመልከቻው ቀን ደግሞ በፈረንጅ ጥር መጀመሪያ ነው። ለፈረንጅ ታኅሣሥ መጨረሻ እንዳታስቀሩት።

ሲልቨርስፕሪንግ_እናት፦
ወንድሜ፣ እኔ ሜሪላንድ ነው ያለሁት፣ ልጄ ባለፈው ዓመት አንዱ ከነዚህ ገብታለች። እኛ ዜጎች ስለሆንን መንገዱ ትንሽ ይለያል፤ እኛ የመንግሥቱንም የገንዘብ ድጋፍ ፎርም እንሞላለን፣ እናንተ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባለውን የቤተሰብ ገቢ ፎርም ብቻ ነው። ባሌ ፓርኪንግ ነው የሚሠራ። ሰው ሁሉ «ቤት ስላላችሁ ምንም አይሰጧችሁም» ሲለን ነበር፣ ሐርቫርድ ግን የምትኖርበትን ቤት ዋጋ አይቆጥርም። የሰው ወሬ ሰምተን ሳናመለክት ልንቀር ነበር እኮ።

አንድ ሌላ ወሬ ደግሞ እዚህ ይዞራል፤ «ጥቁር ስለሆነ ይገባል» የሚል። ያ በፊትም እንደሚወራው አልነበረም፣ አሁን ደግሞ ጭራሽ የለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 2023 በሐርቫርድ ጉዳይ ዘርን መሠረት ያደረገ ቅበላን ከልክሏል። በቀጣዩ ዓመት ኤምአይቲ ከገቡት አዲስ ተማሪዎች ጥቁሮቹ 5 ከመቶ ብቻ ሆኑ፣ ቀድሞ 13 ገደማ ነበሩ። ስለዚህ ልጁ በዚያ ተስፋ እንዳያደርግ፤ የገባ ልጅ ደግሞ «በቀለምህ ነው» የሚለውን ሰው እንዳይሰማ።

አምስት_ኪሎ_ጂሲ፦
እስቲ ደግሞ ያልገባ ሰው ይናገር። እኔ በጊዜዬ አመልክቼ ሁሉም «እናዝናለን» አሉኝ። ለምን እንዳልገባሁ ማንም አልነገረኝም፣ ለማንም አይነግሩም። አሁን አምስት ኪሎ ኤሌክትሪካል ልጨርስ ነው።

ምን ልላችሁ ነው፣ ልጁ ኤስኤቲ (የአሜሪካኖቹ መግቢያ ፈተና)፣ ድርሰት፣ ደብዳቤ እያለ የአገር ቤቱን ፈተና እንዳይረሳው። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ መፈተን ከሆነ ወዲህ ያለውን ታውቃላችሁ፤ በ2014 ዓ.ም. ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶ ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ሆኖ የራሱ መግቢያ ፈተና አለው። ማትሪኩን ጥሎ ቦስተንን የጠበቀ ልጅ አውቃለሁ፤ ሁለቱንም አጣ።

እዚህ ያለው ሕይወትም ሕይወት ነው ደግሞ። ዶርማችን ስምንት ሆነን ነው፣ ከግቢው ካፌ መብላቱን ትቼ (ነን ካፌ እንለዋለን) በወር የምትሰጠን ብር ሽሮ ስትሆን ያየ ይፍረደኝ። ግን እዚህ ያገኘኋቸውን ልጆች የትም አላገኝም ነበር። ሰርኪዩት ሲያስቸግረኝ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተነስቶ የሚያስረዳኝ ጓደኛ አለኝ፣ እሱ ደግሞ ጭራሽ አላመለከተም፣ ከኔ ይበልጣል።

ዳያስፖራ_ትዝታ፦
ሄዶ አይመለስም። ደግ ደጉን ልጅ እየመረጥን ለፈረንጅ እናስረክብ። ጥሩ ነው ቀጥሉ።

ጠጅ_ያለብርሌ፦
@ዳያስፖራ_ትዝታ አንተ ከየት ሆነህ ነው የምትጽፈው?

ዳያስፖራ_ትዝታ፦
ፍራንክፈርት።

ጠጅ_ያለብርሌ፦
አሃ።

አጎትየው_ከጎንደር፦
ሃሃሃ። እሺ ተረጋጉ። በረዶና በሶ የኔ ልጅ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ስለ ኑሮው ንገረኝ። እናቱ «ምን ይበላል፣ ይጾማል ወይ፣ ማን ያየዋል» ብላ እንቅልፍ አጥታለች። ገና ማመልከቻ ሳይሞላ ስንቅ ልታዘጋጅለት ነው።

በረዶና_በሶ፦
በሶ ከሆነ ታዘጋጅ፣ ስሜን አይተው የለ።

ምግብ ላይ አትስጋ በሏት። ካፌዎቹ ከእንስሳት ነጻ የሆነውን ምግብ ምልክት ያደርጉበታል፣ ዐቢይ ጾምን ያለ ችግር ጨርሻለሁ። ችግሩ ሰዓት ነው። ቅዳሴ እስኪወጣ የምጾም ቀን ምሳውን በሳጥን ይዤ እወጣና ማታ እበላዋለሁ። ፋሲካ ደግሞ አንዳንዴ ከፈተና ጋር ይጋጫል፣ ዶሮ ወጡ በቪዲዮ ነው የሚታየው። ጥምቀት ግን እድለኛ ነን፤ ጥር ወር ኤምአይቲ ውስጥ መደበኛ ትምህርት የለም፣ አጫጭር ኮርስና የፈለጉትን መሥራት ነው።

ብርዱ ኮት ተገዝቶለት ያልፋል። ከብርዱ ይልቅ ጨለማው ነው። በፈረንጅ ታኅሣሥ ላይ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ተኩል ሲል ፀሐይ ትጠፋለች፤ ከክፍል ስወጣ ሌሊት የሆነ ይመስለኝ ነበር።

ደግሞ መዋኘት አለ። ይህን ማንም አይነግርዎትም፤ ኤምአይቲ ለመመረቅ የዋና ፈተና ግዴታ ነው። መቶ ያርድ፣ ከ90 ሜትር ትንሽ ይበልጣል፣ ሳያቆሙ፣ ሰዓት ግን አይያዝም። ደገኛ ልጅ ጎንደር የት ይዋኛል? እኔም ጀማሪ ክፍል ገባሁ። ከኔ ጋር የገቡት አብዛኞቹ ዋና የማያውቁ የየአገሩ ሰቃዮች ናቸው፣ አንዱ የዓለም ኦሊምፒያድ ሜዳሊያ ያለው ሰው ውኃ ውስጥ ጭንቅላቱን ለማስገባት ሲለምኑት አይቻለሁ። በጣም ነው ያጽናናኝ።

አሁን ወደ ትምህርቱ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ከባዱ እሱ ነውና። እኛ አገር ጎበዝ ማለት ምርጫ ጥያቄ በፍጥነት የሚያጠቁር ነው። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። እዚህ በየሳምንቱ ፒሴት የሚሉት የቤት ሥራ አለ፤ ጥያቄው አምስት ወይም ስድስት ሊሆን ይችላል፣ አንዱ ብቻ ማታውን ይጨርሳል። ፊዚክሱ (እዚህ ኮርስ በስም አይጠራም፣ «ስምንት ዜሮ አንድ» ነው የሚባለው) የሚሰጠው ክብ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ሦስት ሦስት ሆነን ግድግዳ ላይ ባለ ሰሌዳ እየሠራን መምህሩ ይዞራል። የመጀመሪያ ቀን እኔ የለመድኩትን አደረግሁ፣ ደብተሬን በክንዴ ከልዬ ለብቻዬ ሠራሁ። ጎኔ ያለችው ልጅ «ለምንድን ነው የምትደብቀው?» አለችኝ። የምር አልገባትም። እኛ አገር ኩረጃ የሚባለው እዚህ ይፈለጋል፤ ተሰብስባችሁ አስቡ፣ መልሱን ግን በራስህ ጻፍ፣ ከማን ጋር እንደሠራህ ስማቸውን ከላይ አስፍር። ያን ስም ሳታሰፍር ብታስረክብ ነው ጥፋቱ።

ማታ ደግሞ የእርዳታ ሰዓት አለ፣ ረዳቶቹ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። እኛ «አልገባኝም» ማለት አልለመድንም፤ አንደኛ የወጣ ልጅ ደግሞ ጭራሽ አይለውም። የወንድምዎን ልጅ አሁኑኑ ያስለምዱት። በክፍሉ ጠመኔ የሚቀበለው እሱ ነው፣ እዚህ ግን ጠመኔ የሚሰጠው ሰው መፈለግ አለበት።

ጥሩው ነገር፣ የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ውጤት ወይ አለፈ ወይ ባዶ ነው። የወደቅክበት ኮርስ ሌላ ሰው በሚያየው ትራንስክሪፕት ላይ አይወጣም። እኔ ያ ባይኖር ምን እሆን እንደነበር እንጃ። ላብራቶሪ ገብቼ ያን ሞገድ የሚያሳይ መሣሪያ ሳየው በሥዕል ብቻ ነበር የማውቀው፣ የት እንደሚበራ እንኳ ጠፋኝ። ሌላው ልጅ ቤቱ ጋራዥ ውስጥ አለው።

ሲልቨርስፕሪንግ_እናት፦
የኔም ልጅ እኮ! እዚህ ተወልዳ፣ እዚህ አድጋ፣ የመጀመሪያው ወር እያለቀሰች ነበር የምትደውለው። «እማ፣ እዚህ ሰው ሁሉ የግል አስጠኚ ነበረው» ትለኛለች። ሌላው ያስገረመኝ ክበብ እንኳ ለመግባት ማመልከቻና ቃለ መጠይቅ አለው። ከመቶ አራት የማይሞሉ ብቻ የሚያልፉትን ያለፈ ልጅ የክርክር ክበብ አልቀበልህም ሲለው አስቡት።

አምስት_ኪሎ_ጂሲ፦
እኛ ጋ ክበብ የሚገባ ሰው ተለምኖ ነው።

ገና_10ኛ_ነኝ፦
ብሬዘሮች፣ ኤስኤቲ ግድ ነው? የሆነ ቲክቶክ ላይ ቀርቷል ሲባል ሰማሁ። ደሞ ቪዛ አይሰጡም እየተባለ ነው፣ እውነት ነው?

በረዶና_በሶ፦
በኮሮና ጊዜ ቀርቶ ነበር። ኤምአይቲ በ2022 መልሶታል፣ ሐርቫርድ በ2024። ፈተናው አሁን በላፕቶፕ ነው፣ ካን አካዳሚ የሚባል ድረ ገጽ ላይ መለማመጃው በነጻ አለ፣ ለሱ ማንም ብር እንዳያስከፍልህ። የመፈተኛ ቦታ ቶሎ ስለሚሞላ ወራት ቀድመህ ተመዝገብ፤ ክፍያው በዶላር ካርድ ነው፣ ውጭ ያለ ዘመድ እዚህ ላይ ነው የሚጠቅመው። የማመልከቻውን ክፍያ ግን አቅም የለኝም ብለህ ማስነሳት ይቻላል። የእንግሊዝኛውን ደግሞ ዱኦሊንጎ ብትፈተን ከቤትህ ሆነህ ነው፣ ከቶፍል ይረክሳል። አዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ ሥር ኤጁኬሽን ዩኤስኤ የሚባል አለ፣ ምክሩ በነጻ ነው።

ቪዛው፣ እውነቱን ለመናገር ከብዷል። ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ለኢትዮጵያዊ የሚሰጠው አብዛኛው የጉብኝትና የተማሪ ቪዛ የሦስት ወርና አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ሆኗል። ከገባህ በኋላ ትምህርትህን እስክትጨርስ መቆየት ትችላለህ፣ ግን ከወጣህ እንደገና ኤምባሲ ነህ። ስለዚህ ክረምት ላይ አገር ቤት መሄድ ብዙዎቻችን ፈርተን ትተናል። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ መንግሥት ሐርቫርድ የውጭ ተማሪ እንዳይቀበል ሊከለክለው ሞክሮ ፍርድ ቤት አገደው። እዚያ ያሉ ጓደኞቼ በዚያ ሳምንት የበሉትም አይመስለኝም። ይህን የምለው እንዳታመለክት አይደለም። ለእናትህ ግን «በየዓመቱ እመጣለሁ» ብለህ ቃል አትግባ።

አጎትየው_ከጎንደር፦
ቢሮዋ ልጅ ዛሬ ደወለች። ሐሳቤን ቀየርኩ አልኳት። «እንግዲያው 60 ሺህ ይሁንልህ» አለች።

ጠጅ_ያለብርሌ፦
አባትየው ተረፉ ማለት ነው ወይስ በ60ው ይታመማሉ ብቻ?

አጎትየው_ከጎንደር፦
አሁን ሌላ ጣጣ መጣ። ያን የገንዘብ ፎርም ልንሞላ ቁጭ ብለን ወንድሜ ገቢውን አልናገርም አለ። «ዛሬ ለአሜሪካ የነገርኩት ነገ ገቢዎች ቢሮ ይደርሳል» ነው የሚለው። ሁለት ሰዓት ለመንኩት። ደመወዝ የለው፣ ፔይሮል የለው፣ ደብተሩ ደግሞ ልጁ ጋ ነው።

በረዶና_በሶ፦
ሃሃሃ የኔም አባት እንደዚሁ ነበር። ንገሯቸው፣ ፎርሙ የሚሄደው ለዩኒቨርሲቲዎቹ ብቻ ነው፣ ገቢዎች አያየውም። በብር መሙላት ይቻላል። ደመወዝ ለሌለው ሰው ዓመታዊ ግብር የከፈሉበት ደረሰኝና ከቀበሌ የሚጻፍ የገቢ ደብዳቤ ስካን ተደርጎ ይላካል፣ ከዚያ «ንግዱ እንዲህ ነው፣ በጾም ወቅት እንዲህ ይሆናል፣ በክረምት ይወርዳል» ብሎ በራስ ቃል ማብራሪያ መጻፊያ ቦታ አለ። እዚያ ላይ የልጁን ደብተር ፎቶ አንስታችሁ ጨምሩ። ዋናው ደረሰኙና ፎርሙ እንዳይጣሉ ነው፤ ካልገጠሙ ጠይቀው ይጽፉላችኋል፣ ያ ደግሞ ያዘገያል። ፎርሙም ክፍያ አለው፣ የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ 25 ዶላር፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 16። ከመክፈላችሁ በፊት ለፋይናንስ ቢሮአቸው ኢሜይል ጽፎ የነጻ ኮድ ይጠይቅ፤ እኔ እንደዚያ ነው ያገኘሁት።

አጎትየው_ከጎንደር፦
ደረሰኙን አመጣ። ግን ደረሰኙ ላይ ያለውና ደብተሩ ላይ ያለው አይገጥምም። አሁን አባትና ልጅ ተፋጠው ተቀምጠዋል፤ እኔ ቡና እያፈላሁ ነው።

መምህር_ነኝ_12ሐ፦
ጋሼ፣ ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ የርዕሰ መምህሩን ኢሜይል ይክፈቱ።